ጸሐፊ ለምን ብቻውን መሆን ይፈልጋል?

ስልካችሁ ላይ ለአንድ ወዳጃችሁ መልእክት እየጻፋችሁ ነው እንበል። ድንገት ቀና ስትሉ፣ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው አንገቱን ሰገግ አድርጎ እያነበበ ነው። ጣታችሁ ምን ይሆናል? ቀጥ ይላል። መልእክቱ ምስጢር ላይሆን ይችላል። «ደህና ነኝ፣ ማታ እደውልልሃለሁ» ብቻ ሊሆን ይችላል። ግን የሚቀጥለው ቃል ይጠፋል። ሰውዬው ዞር እስኪል ትጠብቃላችሁ፤ ወይ ስልኩን ወደ ደረታችሁ ታስጠጋላችሁ።

አንድ መስመር መልእክት ለመጻፍ እንዲህ ከሆነ፣ ልብ ወለድ ለመጻፍስ? በዓለም ላይ የሌለን ሰው ከባዶ አንስቶ፣ ስምና ድምፅ ሰጥቶ፣ የሚፈራውንና የሚዋሸውን ሁሉ አውቆ ወረቀት ላይ ለማቆምስ?

ጸሐፊዎች «ትንሽ ብቻዬን ልሁን» ሲሉ ብዙ ጊዜ ነገሩ ኩራት ይመስላል። ቤተሰብ ይቀየማል። ጓደኛ «ተለወጠ እኮ» ይላል። ጸሐፊው ራሱም ያጠፋ ያህል ይሰማዋል። እኔ ግን ይሄ የሰውዬው አመል ሳይሆን የሥራው ጠባይ እንደሆነ አምናለሁ። ለምን እንደሆነ ቀለል አድርጌ ላስረዳ።

ተረትና ምሳሌዎቻችን በአብዛኛው አብሮነትን ነው የሚያወድሱት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። እውነት ነው፤ ሸክም ሲከፋፈሉት ይቀላል። አንድ ዓረፍተ ነገር ግን ለሃምሳ ሰው አይከፋፈልም። አንድ ጭንቅላት ውስጥ ተጀምሮ እዚያው ማለቅ አለበት።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራው

«ብቸኝነት» ስንል ሁለት በጣም የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቃል እንጠራለን። አንደኛው ሰው ፈልጎ ማጣት ነው። ይሄ ያማል፤ ሲቆይም ጤና ይጎዳል። ሁለተኛው ሰው እያለ፣ በራስ ፈቃድ፣ ለተወሰነ ሰዓት ዞር ማለት ነው። ለዚህኛው «ጥሞና» የሚል መልካም ቃል አለን። ከዚህ በኋላ «ጥሞና» ስል ይሄን ሁለተኛውን ማለቴ ነው።

ጥሞና ግን የግድ ባዶ ክፍል ማለት አይደለም። ሰው በሞላበት ካፌ ጥግ ይዘው ቁጭ ብለው አሪፍ አድርገው የሚጽፉ አሉ። ባዶ ቤት ውስጥ ቁጭ ብለው አንድ መስመር የማይወጣቸውም አሉ። ለምን? ካፌው ውስጥ ያሉት ሰዎች አያውቋችሁም፤ ከእናንተም የሚፈልጉት ነገር የለም። ባዶው ቤት ውስጥ ግን «ስደውል ለምን አላነሳህም?» የሚል ሰው በሐሳባችሁ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እኔ ጥሞናን የምፈታው እንዲህ ነው፦ ማንም ከእናንተ ምንም የማይጠብቅበት ሰዓት። መልስ መስጠት የለም። ፈገግ ማለት የለም። «እሺ፣ መጣሁ» ማለት የለም።

ይህን ይዘን ወደ ዋናው ጥያቄ እንሂድ። ሰው አጠገባችን ሲኖር በትክክል የሚበላሸው ምንድን ነው?

የሚያይ ዓይን

ሮበርት ዛዮንስ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1965 አንድ የቆየ እንቆቅልሽ ፈታ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከእሱ በፊት የተሠሩ ሙከራዎች እርስ በርስ ይጋጩ ነበር። አንዳንዶቹ ሰው በሌሎች ፊት ሲሠራ ይበረታል ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ በሌሎች ፊት ሲሠራ ይሳሳታል ይላሉ። ዛዮንስ ሁለቱም ልክ ናቸው አለ። ሰው በሌሎች ፊት ሲሆን ሰውነቱ ይነቃቃል። ሲነቃቃ ደግሞ ቀድሞ የሚመጣለት በጣም የለመደው ነገር ነው። ሥራው የለመደው ከሆነ ይቀናዋል። አዲስ፣ ገና ያልጠራ ከሆነ ግን የለመደው ነገር እየቀደመ ያሳስተዋል።

ይህን ወደ ጽሑፍ አምጡት። ጸሐፊ በጣም የለመደው ነገር ምንድን ነው? ሺህ ጊዜ የሰማው አባባል ነዋ። ቆንጆ ሴት ስትመጣ «ፊቷ እንደ ጨረቃ» የሚለው ይመጣል። ሐዘን ሲመጣ «ልቧ ተሰበረ» የሚለው ይመጣል። እነዚህ ቃላት መጥፎ አይደሉም። ግን የማንም ናቸው። በእኔ ግምት፣ ዓይን ሲበዛብን ቶሎ የምንይዘው እነዚህን ነው፤ ምክንያቱም ማንም አይስቅባቸውም። ብቻችንን ስንሆን ግን የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ማሳለፍ እንችላለን። ሁለተኛውንም እናሳልፈዋለን። የራሳችን የሆነው ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ላይ ነው የሚመጣው። እሱን ለመጠበቅ ደግሞ ዝም ብሎ ግድግዳ እያዩ መቀመጥ ያስፈልጋል። ሰው ፊት ዝም ብሎ ግድግዳ ማየት ደግሞ ይከብዳል።

የባሰው ዓይን ግን ከበር ውጭ የሚቀር አይደለም። አብሮን የሚገባው ነው። በሩን ዘግታችሁ ትቀመጣላችሁ፤ ወዲያው እናት ትመጣለች። «እንዲህ ያለ ነገር ጽፎ ያዋርደኝ?» ትላለች። የድሮ አስተማሪ ይመጣል፤ ቀይ እስክሪብቶ ይዟል። በማኅበራዊ ሚዲያ የሚከተሏችሁ ሰዎች ይመጣሉ፤ ላይክ ያደርጉ ይሆን አያደርጉ እንደሆነ ገና አልወሰኑም። ክፍሉ ጢም አለ። ከዚህ ሁሉ ሰው መሐል የምትጽፉት ዓረፍተ ነገር ለማንም የማይቆረቁር፣ ማንንም የማያስቀይም፣ ማንንም የማይነካ ይሆናል።

ስለዚህ የውጭው በር መዘጋቱ ግማሹ ሥራ ብቻ ነው። ቀሪው ግማሽ ለራስ ቃል መግባት ነው፦ «ይህን ገጽ ማንም አያየውም። ካልፈቀድኩ በቀር መቼም አያየውም።» ቀላል ይመስላል። ግን አስቡት፤ ይህን ቃል ሳንሰጥ የጻፍነው ስንት ነገር ነው? ብዙዎቻችን ገና ሳንጽፍ «የት ይወጣል?» ብለን ነው የምንጀምረው። መጀመሪያ የሚጻፈው ነገር አስቀያሚ የመሆን መብት አለው። የተዝረከረከ፣ የሚያሳፍር፣ ስሜቱ የበዛበት ሊሆን ይችላል። ይህ መብት የሚከበረው ምስክር በሌለበት ብቻ ነው።

የሚያወራ ድምፅ

ስለ ድምፅ ረጅም ማውራት አያስፈልግም፤ አንድ ነገር ግን ማወቅ ይጠቅማል። ሁሉም ድምፅ እኩል አይረብሽም። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተደረጉ ሙከራዎች ደጋግመው ያሳዩት፣ ቃላትን በአእምሮ ለመያዝ በጣም የሚያስቸግረው የሰው ንግግር መሆኑን ነው። ቋንቋውን ባናውቀው እንኳ ይረብሻል። እንደ ዝናብ ወይም እንደ ማራገቢያ ያለ የማይለዋወጥ ድምፅ ግን በጣም ያነሰ ነው ጉዳቱ።

ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። የምንጽፈው በቃል ነው። የሚያወሩት ሰዎችም ቃል ነው የሚልኩብን። ሁለቱ አንድ ጠባብ መንገድ ላይ ይጋፋሉ። ለዚህ ነው አንዳንድ ሰው ግጥም የሌለው ሙዚቃ እየሰማ መጻፍ የሚችለው፤ ዘፋኙ ሲጀምር ግን እጁ የሚቆመው። ሰው ከሚያወራበት ክፍል መራቅ ካልቻላችሁ፣ የሚንሿሿ ወጥ ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ መክፈት ከምንም ይሻላል።

የሚበጠሰው ክር

ወደ ከባዱ ጉዳይ መጣን። ቤተሰብና ጓደኛ በጣም የሚገረሙበት ነገር ነው ይሄ። «አንድ ደቂቃ ብቻ ነው የጠየቅኩህ! ቁልፉ የት ነው አልኩህ፣ ነገርከኝ፣ አለቀ። ምን አስቆጣህ?»

ነገሩን በምሳሌ ልንገራችሁ። አንድ ታሪክ እየጻፋችሁ ነው። አንዲት ሴት በር ላይ ቆማለች። እጇ ላይ ደብዳቤ አለ። ወንድሟ ውስጥ ነው። ደብዳቤው ውስጥ ያለውን እሷ ታውቃለች። እሱ እሷ ማወቋን አያውቅም። ገብታ የመጀመሪያዋን ቃል ስትናገር ሳቅ ያለበት መሆን አለበት፤ ምክንያቱም ከአሥር ገጽ በኋላ ያ ሳቅ ውሸት እንደነበር ይገለጣል። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይዛችኋል። የሳቁን ቃል ልታገኙት ትንሽ ቀርቷችኋል።

«ቁልፉ የት ነው?»

መልስ ለመስጠት አምስት ሰከንድ ይበቃል። ትመለሳላችሁ። ሴትዮዋ አሁንም በር ላይ ናት፤ ደብዳቤውም እጇ ላይ አለ። ለምን እንደመጣች ግን ጠፋችሁ። ሳቁም የለም።

የሰው አእምሮ በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው ነገር በጣም ጥቂት ነው። ኔልሰን ኮዋን የተባለ ተመራማሪ በ2001 ባወጣው ሰፊ ግምገማ ወደ 4 ገደማ ነገር ብሎ አስቀምጦታል። አራት! የአንድ ትዕይንት ጸሐፊ ደግሞ ብዙ ጊዜ አራቱንም ጣቶቹ ላይ ሞልቶ ነው የሚቀመጠው። አምስተኛ ነገር ሲጨመር አንዱ ይወድቃል። ቁልፉ አምስተኛው ነበር።

ሌላም አለ። ሶፊ ለሮይ የተባለች ተመራማሪ በ2009 ያሳየችው ነገር ነው። ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ስንዞር፣ በተለይ የመጀመሪያው ሳያልቅ ከዞርን፣ የአእምሯችን ከፊሉ እዚያው ይቀራል። አካላችን መጥቷል፤ ሐሳባችን ገና በመንገድ ላይ ነው። ስለዚህ የአምስት ሰከንድ ጥያቄ ዋጋው አምስት ሰከንድ አይደለም። ለዚህ ነው ጸሐፊው የሚቆጣው። ሰውየውን ጠልቶ አይደለም። እጁ ላይ የነበረ ነገር ወድቆ ስለተሰበረበት ነው።

ጸሐፊውን ፍራንዝ ካፍካን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ቀን ቀን ፕራግ ውስጥ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር። የሚኖረው ከወላጆቹና ከእህቶቹ ጋር ነው፤ ቤቱ ጫጫታ የበዛበት እንደነበር ራሱ ይጽፋል። በ1912 ከመስከረም 22 ለ23 አጥቢያ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድረስ ሳይነሳ ተቀምጦ አንድ ሙሉ አጭር ልብ ወለድ ጽፎ ጨረሰ። ስምንት ሰዓት። እግሩ ከመቀመጥ ብዛት ደንዝዞ ከጠረጴዛው ሥር ሊያወጣው እንዳቃተው በማስታወሻው አስፍሯል። መጻፍ ያለበት እንዲህ ብቻ ነው ብሎም አመነ። ኋላ እጮኛው ለሆነችው ሴት በጻፈው ደብዳቤ፣ ከሁሉም የሚመኘው በአንድ ምድር ቤት መጨረሻ ክፍል ውስጥ መብራትና የመጻፊያ ዕቃ ይዞ መቀመጥ እንደሆነ ነግሯታል። ምግቡን ራቅ አድርገው እንዲያስቀምጡለት ነው የሚመኘው።

ያን ምድር ቤት አላገኘውም። ያገኘው ሌሊቱን ነው። እኔ ከዚህ ታሪክ የምይዘው ያን ነው፤ ክፍል የሌለው ሰው ሰዓት ይፈልጋል። ካፍካ ያን ሌሊት ያገኘው ትልቁ ነገር ዝምታው ብቻ አልነበረም። ክሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ አለመበጠሱ ነው።

ስለ ስልክ የምለው አጭር ነው። ስልክ ማለት ቁልፍ የሚጠይቅ ሰው ኪስ ውስጥ ይዞ መቀመጥ ነው። ድምፁን ማጥፋት አይበቃም፤ ጠረጴዛው ላይ ካለ እጅ ይሄዳል። ሌላ ክፍል ይደር።

ለምን እንሸሸዋለን?

እስካሁን ያልኩት ጥሞና በሰዎች እንደሚወሰድብን ነው። ሐቁን ለመናገር ግን፣ ብዙ ጊዜ ራሳችን ነን የምንሸሸው።

በ2014 ቲሞቲ ዊልሰንና ባልደረቦቹ አንድ ሙከራ አሳተሙ። ሰዎችን አንድ በአንድ ባዶ ክፍል ውስጥ ለ15 ደቂቃ አስቀመጧቸው። ስልክ የለም፣ መጽሐፍ የለም። ከራሳቸው ሐሳብ ጋር ብቻ። አጠገባቸው ግን ሲጫኑት ኤሌክትሪክ የሚነዝር ቁልፍ አለ። እነዚህ ሰዎች ቀደም ብለው ንዝረቱን ቀምሰውት፣ ዳግም እንዳይደርስባቸው ገንዘብ ብንከፍል እንመርጣለን ያሉ ናቸው። ከ18 ወንዶች 12ቱ፣ ከ24 ሴቶች 6ቱ በ15 ደቂቃ ውስጥ ራሳቸውን ቢያንስ አንድ ጊዜ ነዘሩ።

ይህን ሳነብ በጣም ነው የደነገጥኩት። ከዚያ ግን ራሴን አየሁት። ባዶ ገጽ ፊት ስቀመጥ በአምስተኛው ደቂቃ ውኃ ይጠማኛል። በአሥረኛው ደቂቃ መስኮቱ አቧራ የያዘ ይመስለኛል። ያው ቁልፉን እየተጫንኩ ነው።

ጀማሪ ጸሐፊዎች እዚህ ላይ ይሰናከላሉ። ተቀመጡ፣ ምንም አልመጣም፣ ደበራቸው፣ «እኔ ተሰጥኦ የለኝም» ብለው ተነሱ። መደበሩ ግን የሥራው መግቢያ በር ነው። ማርከስ ራይክልና ጓደኞቹ በ2001 ያሳዩት አንድ ነገር አለ። ሰው ከውጭ የተሰጠውን ሥራ ሲያቆም፣ አእምሮው አያርፍም። ይልቁንም የተወሰኑ የአንጎል ክፍሎች በኅብረት ይነቃሉ። ከዚያ በኋላ የተሠሩ ጥናቶች እነዚህ ክፍሎች ያለፈውን ስናስታውስ፣ ገና ያልመጣውን ስናልምና የሌላን ሰው ስሜት ስንገምት እንደሚሠሩ አሳይተዋል። ትዝታ፣ ምናብ፣ የሰው ልብ። ልብ ወለድ የሚሠራው ከምን ሆነና?

ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ያለውን ጊዜ ታገሡት። አትታገሉት። ምንም ባይመጣ እንኳ አትነሱ፤ ያላችሁት ሰዓት ይሙላ።

ደግፎ የሚያቆመው ሰው

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ ላይ ደረስን። ጥሞና የሚሠራው ከጀርባው ሰው ሲኖር ነው።

ዶናልድ ዊኒኮት የሚባል የሕፃናት ሐኪምና የሥነ ልቦና ሊቅ በ1958 ባሳተመው ጽሑፍ ላይ፣ ብቻ የመሆን ችሎታ ከየት እንደሚመጣ አስረድቷል። አንድ ሕፃን ወለል ላይ ብቻውን ይጫወታል። እናቱ እዚያው ክፍል ውስጥ ናት፤ አታናግረውም፣ አትጠራውም። እሱም ዞር ብሎ አያያትም። ግን መኖሯን ያውቃል። ስለዚህ በጨዋታው ውስጥ ጠልቆ መጥፋት ይችላል። ዊኒኮት እንደሚለው ሰው ብቻውን መሆንን የሚማረው በሰው አጠገብ ነው።

ጸሐፊም እንዲሁ ነው ብዬ አስባለሁ። ስወጣ የሚጠብቀኝ ሰው አለ ብሎ የሚያምን ጸሐፊ ጠልቆ መሄድ ይችላል። ማንም የለኝም የሚል ሰው ግን ግማሽ ጆሮው ሁልጊዜ በሩ ላይ ነው። «ታላቅ ጸሐፊ ለመሆን ከሰው መቆራረጥ አለብህ» የሚሉትን የማልወዳቸው ለዚህ ነው። አሜሪካዊው ጸሐፊ ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ ከ1845 እስከ 1847 በዋልደን ኩሬ ዳር ጎጆ ሠርቶ መኖሩን ሁሉም ያነሣል። ወደ መንደሩ እየተመላለሰ ሰው ይጠይቅ እንደነበርና ጎጆው እንግዳ ይበዛባት እንደነበር ግን ብዙዎች አያነሡም። ራሱ ግን አልደበቀውም።

በግድ የመጣ ብቸኝነት ደግሞ ሌላ ነው። ኬንያዊው ጸሐፊ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በ1978 አገሩ ውስጥ ያለ ፍርድ ታስሮ ሳለ፣ በመጸዳጃ ወረቀት ላይ ልብ ወለድ ጽፏል። ይህ የእሱን ጽናት ያሳያል። እስር ቤት ለጸሐፊ ይጠቅማል ማለት ግን አይደለም። ጥሞና የሚባለው በሩን ከውስጥ የዘጋችሁት እንደሆነ ነው።

በሩን ማን ይዘጋል?

በሩን ከውስጥ መዝጋት ደግሞ ለሁሉም እኩል አልተፈቀደም። እንግሊዛዊቷ ጸሐፊ ቨርጂኒያ ዎልፍ በ1928 ለካምብሪጅ ሴት ተማሪዎች ስለ ሴቶችና ስለ ልብ ወለድ ንግግር አደረገች፤ በቀጣዩ ዓመት በመጽሐፍ መልክ አወጣችው። ያለችው ነገር ዛሬም ድረስ ይነገራል። ሴት ልብ ወለድ ለመጻፍ በዓመት 500 ፓውንድ ገቢና ቁልፍ ያለው የራሷ ክፍል ያስፈልጋታል አለች። ቁልፍ ያለው! ክፍል ብቻ ቢሆንማ ማንም ይገባበታል።

ይሄ ጉዳይ ስለሚያንገበግበኝ ትንሽ ልቆይበት። አንድ ወንድ «እየጻፍኩ ነው» ብሎ በር ሲዘጋ ብዙ ቤት ውስጥ ልጆች «ሽሽ! አባባ ይሠራል» ይባላሉ። አንዲት ሴት ይህንኑ ስታደርግ ግን በሩ ይንኳኳል። የታመመ ልጅ፣ የጠፋ ልብስ፣ የመጣ እንግዳ። እሷም ትነሣለች፤ ካልተነሣች ክፉ እናት የሆነች ይመስላታል። ክሩ በቀን አሥር ጊዜ ይበጠሳል። ከዚያ «ሴቶች ለምን ረጅም ልብ ወለድ አይጽፉም?» ተብሎ ይጠየቃል። መልሱ የተሰጥኦ ጉዳይ ሆኖ አያውቅም።

አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ቶኒ ሞሪሰን ሁለት ወንዶች ልጆች ብቻዋን እያሳደገች፣ በአንድ አሳታሚ ድርጅት በአርታኢነት እየሠራች ነበር የምትጽፈው። ልጆቹ ከመነሣታቸው በፊት፣ ገና ሳይነጋ። ቡናዋን ይዛ ብርሃኑ ሲመጣ መመልከት ልማዷ እንደሆነ በቃለ መጠይቅ ተናግራለች። በኋላ በ1993 የኖቤል ሽልማት ስታገኝ ዓለም መጽሐፎቿን አነሣ። እኔ ግን እነዚያን ንጋቶች አስባለሁ። ማንም አልሰጣትም። ከእንቅልፏ ላይ ቆርሳ ነው የወሰደቻቸው።

ስለዚህ ቤታችሁ ውስጥ የሚጽፍ ሰው ካለ፣ በተለይ እናት ወይም እህት ከሆነች፣ ትልቁ ስጦታ ማበረታቻ ቃል አይደለም። ለአንድ ሰዓት ልጁን ይዞ መውጣት ነው። እናንተ ራሳችሁ ጸሐፊ ከሆናችሁ ደግሞ «አትረብሹኝ» ከማለት «ከ12 እስከ 1 ሰዓት እጽፋለሁ፤ 1 ሰዓት ላይ የእናንተ ነኝ» ማለት ይሻላል። ሰው ማለቂያው የታወቀ ነገር አይከብደውም። ስትሉ ግን 1 ሰዓት ላይ በእርግጥ ውጡ። ካልወጣችሁ ነገ ማንም አያምናችሁም።

ለብቻ የሚሮጥ

አንድ ስሕተት ልናገር። ከዓመታት በፊት አንድ የሚያምር የታሪክ ሐሳብ መጣልኝ። ደስ አለኝና ለአንድ ጓደኛዬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተረክሁለት። አፉን ከፍቶ ሰማኝ። «ወይኔ! ጻፈው» አለኝ። ቤቴ ገብቼ ስቀመጥ ምንም የለም። የምጽፈው ነገር ከእኔ ወጥቶ ነበር። ጭብጨባውን አስቀድሜ ወስጄዋለሁ። ታሪኩ እስከ ዛሬ አልተጻፈም። ከዚያ ወዲህ እየጻፍኩት ያለውን ነገር አላወራም። «ምን እየጻፍክ ነው?» ሲሉኝ «አንድ ነገር ይዣለሁ» ብዬ አልፋለሁ።

ይህ ማለት ግን ጽሑፉ ለዘላለም ተደብቆ ይቅር ማለት አይደለም። ለብቻ የሚሮጥ የሚቀድመው የለም ይባላል። ብቻውን የሚጽፍ ሰውም እንዲሁ ነው፤ ለራሱ ሁልጊዜ አንደኛ ነው። ጥሞና የሚያስፈልገው ለአንዱ የሥራ ክፍል እንጂ ለሁሉም አይደለም። ከመጻፍ በፊት ሰው መሐል መሆን አለባችሁ። ሰዎች እንዴት እንደሚጣሉ፣ ሲዋሹ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉ፣ ሲያለቅሱ ምን እንደሚሉ ክፍል ውስጥ ተዘግቶ አይገኝም። የመጀመሪያው ረቂቅ ብቻችሁን ይጻፍ። ከዚያ ለጥቂት ሳምንታት ይቀመጥ። ከዚያ በሩ ይከፈት።

የመጀመሪያውን አንባቢ ስትመርጡ በጣም የሚወዳችሁን ወይም በጣም የምትፈሩትን አትምረጡ። የሚወዳችሁ ስለ እናንተ ብሎ ዝም ይላል፤ የምትፈሩት ደግሞ አንዲት ቃሉ ሥራውን በሙሉ ታስጥላችኋለች። ማንበብ የሚወድ፣ የደበረውን ቦታ «እዚህ ጋ ደበረኝ» የሚል ሰው ፈልጉ። ምክር እንዲሰጣችሁ አትጠይቁት። የት ላይ እንደተሰለቸ፣ የት ላይ እንዳላመነ፣ የት ላይ ተመልሶ እንዳነበበ ብቻ ምልክት ያድርግላችሁ።

ወረቀቱን ስትሰጡት ደግሞ አጠገቡ አትቀመጡ። ፊቱን እያያችሁ «የት ደረስክ?» አትበሉት። እሱም ያቺን በር ላይ የቆመችውን ሴት በጭንቅላቱ ውስጥ ከባዶ ሊያቆማት ነው። ደብዳቤውን፣ ወንድሟን፣ ሳቋን በአንድ ጊዜ ሊይዝ ነው። ስጡትና ወደ ሌላ ክፍል ሂዱ። በሩንም ዝጉለት።